እጁ ሥራ የያዘ ጀግና

አጎቴ ወታደር ቤት የቆዩት በምህንድስና ክፍል ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ከሚሴ ተመልሰው ከቦርከና ብዙም በማይርቅ ቤታቸው ይኖራሉ። መስከረም አጋማሽ ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የጨፋ ሜዳ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ወንዙም የክረምቱን ድፍርስ አልጣለም። የአስር ሰላት ተሰግዶ ቡና ሲቀርብ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ልጠይቃቸው ፈርቼ የኖርኩትን ጠየቅኋቸው። ባለቤታቸው እትዬም ከረከቦታቸው ሳይነሱ ጨዋታውን ያዙት። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ቀን ምልልሳችን ነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ በተኩስ ሥር ድልድይ ሠርተው ያውቃሉ?

አጎቴ፦ አልሠራሁም፤ አልሐምዱሊላህ። ድልድይ ግን ሠርቻለሁ። ጎርፍ በወሰደው ወንዝ ላይ ሠርቻለሁ፤ በልምምድ ሜዳም በሌሊት፣ መብራት ተከልክለን ሠርተናል። በተኩስ ሥር ከሠሩት ጋር ግን አንድ ምግብ ቤት በልቻለሁ፣ አንድ ድንኳን አድሬአለሁ። ብዙ አያወሩም። ስትጠይቂያቸው እጃቸውን ያያሉ።

እኔ፦ እጃቸውን?

አጎቴ፦ ምን መሰለሽ፣ እግረኛው ሲተኮስበት ይተኩሳል። ይተኛል፣ ይሳባል፣ ቦታ ይቀይራል። መድፈኛው ለመድፍ መልስ አለው። መሐንዲሱ ግን እጁ ሥራ ይዟል። ጠመንጃው ጀርባው ላይ ነው፤ ላውርደው ቢል ብረቱን ማን ይይዝለታል? ስድስት ሰው የተሸከመውን አንዱ ቢለቅ አምስቱ ይሰበራሉ። እንግዲህ ጥይት በጆሮው ሥር ሲያልፍ ያ ሰው የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ አለመልቀቅ።

እኔ፦ ስድስት ሰው የሚሸከመው ምንድን ነው?

አጎቴ፦ የቤይሊ ድልድይ ፍሬም ነዋ! ተገጣጣሚው የብረት ድልድይ። ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ መንገዶች አስተዳደር አምጥቶ የሚተክለውን አይተሽው ይሆናል። ዶናልድ ቤይሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈጠረው ነው። አንዱ ፍሬም 3 ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው 1 ሜትር ተኩል ነው፣ ክብደቱ 260 ኪሎ ገደማ። ክሬን አይፈልግም። ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሦስቱ በሌላው ወገን ሆነው በመሸከሚያ ዘንግ ያነሱታል። ፍሬሙን ከፍሬም የሚያያይዘው ወፍራም ፒን ነው፤ በመዶሻ ይገባል። በሌሊት ያ የመዶሻ ድምፅ ነው ጉድ የሚያፈላው። ጠላት የት እንዳለሽ የሚያውቀው በእሱ ነው።

እትዬ፦ እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ወንዙ ማዶ ጠላት ካለ ድልድዩን ማን እዚያ ማዶ ሄዶ ይተክለዋል?

አጎቴ፦ ማንም አይሄድም። ብልሃቱ እሱ ነው። ድልድዩ የሚሠራው እዚሁ፣ በራሳችን ዳርቻ ነው። መሬቱ ላይ ተሽከርካሪ ሮለሮች ይቀመጣሉ። ፍሬሞቹ በሮለሩ ላይ ይያያዙና ከፊታቸው ወለል የሌለው ቀለል ያለ አጽም ይቀጠላል፤ አፍንጫ ይሉታል። ከዚያ ሁሉም ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል። አፍንጫው ወንዙ ላይ ይወጣል፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከኋላ ያለው ከባዱ አካል እንዳይዘነበል ይይዘዋል። ይገፋል፣ ከኋላ ይቀጠላል፣ ደግሞ ይገፋል። አፍንጫው ማዶ ሲያርፍ አለቀ።

እትዬ፦ ልጆች በቦይ ላይ ግንድ ሲገፉ አንዱ ጭራው ላይ እንደሚቀመጠው ነዋ!

አጎቴ፦ አበጀሽ! ልክ እሱን ነው። ጭራው ቀልሎ አፍንጫው ከከበደ ግን ድልድዩ ከነሰዉ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰው መቁጠር አለበት። ስንት ፍሬም ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ ሚዛኑ የት ደረሰ። እኛ ዘንድ የሚቆጥረው ሻምበል ከሮለሩ አጠገብ ቆሞ ነበር የሚቆጥረው፤ በልምምድም ቢሆን አይቀመጥም። «ቆጣሪው ካጎነበሰ ገፊው ይሸሻል» ይለን ነበር። እውነተኛ ተኩስ ሲመጣ ያ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከአንድ እስከ ስንትም ይሁን፣ ሳይሳሳት መቁጠር አለበት። ልጄ፣ እኔ ጀግንነት ምንድን ነው ስትይኝ የሚታየኝ ያ ሰው ነው። በጥይት መካከል መደመርና መቀነስ የማይጠፋው ሰው።

እኔ፦ በዚህ በእኛ መንገድ ላይስ? ከሚሴ የጦር መንገድ ሆና ነው የኖረችው።

አጎቴ፦ ኖራለች። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚገባውን መኪና መንገድ ጣሊያን ነው አገሩን ከያዘ በኋላ የሠራው፤ የጣርማ በር ዋሻም የዚያን ጊዜ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ሲባረር ያንኑ መንገድ ከኋላው እየሰበረ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ፣ ሚያዝያ 5 ቀን የብርጋዴር ዳን ፒናር የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ወደ ሰሜን ተነሣ። ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ ከሚሴን፣ ሐርቡን አልፎ ኮምቦልቻ አፋፍ ላይ ከጣሊያን መድፍ ጋር ተፋጠጠ። አርበኞቻችን አብረውት ተራራውን ወጡ። ውጊያው ከሚያዝያ 9 እስከ 14 ቆየ፤ ደሴ በ18 ተያዘች። ይህን ሁሉ ሰው ይነግርሻል። የተሰበረውን መንገድ የጠገነው፣ የተናደውን የሞላው ማን ነው ብትዪ ግን ብዙ ሰው ዝም ይላል። ስንቅና መድፍ የጫነ መኪና በአየር አይሄድም።

እኔ፦ የቤይሊ ድልድይ ያን ጊዜ ነበር?

አጎቴ፦ ገና ጦር ሜዳ አልወጣም ነበር። እዚህ አገር የተዋጉት መሐንዲሶች ብዙውን ጊዜ ባገኙት ነገር ነው የሠሩት። በዚያ ጦርነት በዚህ ክልል አፈር ላይ የተፈጸመውን የመሐንዲስ ጀግንነት ካነሣን ግን የምንሄደው መተማ ነው። ስለ ባጋት ሰምተሻል?

እኔ፦ አልሰማሁም።

አጎቴ፦ እኔም ስለ እሱ የሰማሁት ወታደር ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት አይደለም። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ይባላል። ሕንዳዊ ነው፣ የቦምቤይ መሐንዲሶች ክፍል ምክትል መቶ አለቃ። በ1933 ዓ.ም. ገና 22 ዓመቱ ነበር። መተማን ታውቂያለሽ፣ አፄ ዮሐንስ የወደቁበት መሬት ነው። በሱዳን በኩል ገላባት፣ በእኛ በኩል መተማ፣ በመካከላቸው ደረቅ ወንዝ። ጥቅምት 27 ቀን የሕንድና የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ያዘ፤ ከጣሊያን አውሮፕላን የተነሣ ግን ሊጸናበት አልቻለም። ወደ ኋላ ሲመለስ ጠላት እንዳይከተለው አንድ ከልቨርት፣ ውኃ ማሳለፊያ ትንሽ ድልድይ፣ መፍረስ ነበረበት። ሁለት የተበላሹ ታንኮች ፈንጂ ተሞልተው እላዩ ላይ ቆሙ። አንደኛው አልፈነዳም። ባጋት ከተሸሸገበት ወጥቶ በተኩስ መካከል ሮጠ፤ አፈነዳው፤ ከልቨርቱ ተደረመሰ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ ስለ ድልድይ መሥራት ጀምረን እርስዎ ስለሚያፈርስ ሰው ይነግሩኛል።

አጎቴ፦ ታገሺኝ፣ አልጨረስኩም። ዋናው የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጥር 23 ለ24 አጥቢያ መተማ ተያዘ፤ ጣሊያን ወደ ጎንደር መንገድ አፈገፈገ። ሲሄድ መንገዱን በፈንጂ ቀብሮት ነው የሄደው። የሚያሳድደው ጦር መኪናውን ማንቀሳቀስ አልቻለም። ባጋት ከጥቂት ሰዎቹ ጋር ከሁሉ ፊት ሆኖ መንገዱን እንዲያጸዳ ታዘዘ። ብሬን ካሪየር የምትባል ሰንሰለት ያላት ትንሽ ብረት ለበስ ነበረችው። የመጀመሪያዋ ካሪየር ውስጥ ነው የተቀመጠው። አራት ቀን፣ 96 ሰዓት፣ ከንጋት እስከ ምሽት። 88 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ 15 የተቀበረ የፈንጂ ወረዳ።

እትዬ፦ ያረቢ!

አጎቴ፦ የተቀመጠባት ካሪየር ሁለት ጊዜ ከሥሩ ፈነዳች። አብረውት የነበሩት ተመቱ። በሌላ ካሪየር ቀጠለ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ደፈጣ ገቡ፤ ከቅርብ እየተተኮሰበት ሥራውን አላቋረጠም። በፍንዳታው አንዱ ጆሮው ተበሳ። አሁን ልብ በይ፣ እዚህ ላይ ነው እኔ ልቤ የሚነካው። ደክሞሃል፣ ሰው እንቀይርልህ አሉት። እምቢ አለ። ምን ብሎ መሰለሽ? ለሰንደቅ ዓላማዬ፣ ለክብሬ አላለም። ሥራውን እስካሁን ስለሠራሁት ከአዲስ ሰው እኔ እሻላለሁ ነው ያለው።

እኔ፦ እንደ ባለሙያ ነው የተናገረው።

አጎቴ፦ እንደ ባለሙያ! ያ ነው የመሐንዲስ ጀግንነት። ፈንጂ በሳንጃ ሲፈለግ እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ። (የሲኒውን ማቅረቢያ ወደ ጎን አድርገው የሻይ ማንኪያ አነሡ።) ቀጥ አድርገሽ ከላይ ከወጋሽ ትሞቻለሽ፤ ፈንጂው የሚነሣው ከላይ ሲጫኑት ነው። ስለዚህ ሳንጃውን ታጋድሚዋለሽ፣ እንዲህ፣ ከጎን በኩል ቀስ። ጠንካራ ነገር ሲነካሽ ትቆሚያለሽ። አፈሩን በጣት ታነሺያለሽ። ድንጋይ ነው? ዕድለኛ ነሽ፤ አንድ ስንዝር ወደፊት። አሁን ይህን በሆድሽ ተኝተሽ፣ ጆሮሽ እየደማ፣ ከኋላሽ መኪና ተሰልፎ «ቶሎ በል» እየተባልሽ፣ አራተኛ ቀንሽ ላይ አስቢው። በመጀመሪያው ቀን ማንም ጀግና ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ቀን ቀስ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እትዬ፦ ልጁ ተረፈ?

አጎቴ፦ ተረፈ። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ የቪክቶሪያን መስቀል፣ ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኮንን ሆነ። በአገሩ ሌተና ጄኔራል እስከ መሆን ደረሰ። ከጦሩ ሲሰናበት የት እንደ ተመደበ ታውቂያለሽ? ዳሞዳር የሚባለውን ወንዝ በግድብ የሚያስተዳድረው ድርጅት ሊቀ መንበር ሆነ። በዚያው ሥራ ላይ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1975 አረፈ።

እኔ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሰው የመጣው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው። አገሩ ሕንድ ራሷ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። እኛ ወሎዬዎቹ ምን አገባን?

አጎቴ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም በወጣትነቴ ያልኩት ነው። የእሱን ጌቶች ሐሳብ አላወድስም። እንግሊዝ ለራሱ ነበር የመጣው። ነገር ግን ያ ሰው አራት ቀን ሙሉ ፈንጂ የለቀመው ከእኛ አፈር ነው። መተማ፣ ሸህዲ፣ ጭልጋ፤ ያ መንገድ ዛሬም የእኛ ሰው ይሄድበታል። የተነሣው ፈንጂ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከጦሩ በኋላ የሚረግጠው የእኛ እረኛ፣ የእኛ ነጋዴ ነበር። ፈንጂ ጦርነት ማለቁን አያውቅም። ስለዚህ አገባን።

እኔ፦ እሺ። ግን ድልድይ አልሠራም።

አጎቴ፦ ልጄ፣ ለመሐንዲስ ድልድይ መዘርጋትም ፈንጂ ማምከንም አንድ ሥራ ነው። ሰው የማያልፍበትን እንዲያልፍበት ማድረግ ነው። ሥራው ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከፈለግሽ ወደ ሃላባ ቁሊቶ ሂጂ። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም.። በዚያው ሰሞን በሰሜን አምባ አላጌ ላይ የጣሊያኑ አዛዥ የአኦስታው መስፍን እጁን ይሰጣል። ቁሊቶ ላይ ግን የብላቴ ወንዝ ድልድይ ተሰብሯል። ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የሚባለው የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሁለት ሻምበል ተሻግሮ ማዶ ይዟል፤ ታንክም ጸረ ታንክ መሣሪያም ማሻገር አልተቻለም። የጣሊያን ታንኮች ድንገት ከጫካ ወጡባቸው። ናይጄል ሊኪ የሚባል የኬንያ ልጅ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ታንኩ ላይ ዘሎ ወጣ። ክዳኑን ከፍቶ ከሾፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን በሽጉጥ መታቸው። ሌላውን ሊደግም ሲል ከሌላ ታንክ ተመትቶ ወደቀ።

እትዬ፦ በባዶ እጅ ታንክ?

አጎቴ፦ በሽጉጥ። እሱም የቪክቶሪያን መስቀል አግኝቷል፤ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር ወንዙን ነው የማየው። ድልድይ ቢኖር ያ ልጅ ታንክ ላይ መዝለል አያስፈልገውም ነበር። የእግረኛው ጀግንነት ብዙ ጊዜ የጎደለን ድልድይ ዋጋ ነው።

(ቶናው ተቀዳ። እትዬ ለአጎቴ ስኳር የሌለውን ሰጥተው ለእኔ ሁለት ማንኪያ ጨመሩልኝ። ውጭ ከኮምቦልቻ በኩል የመጡ የጭነት መኪኖች ፍሬን ሲይዙ ይሰማል።)

እኔ፦ በዓለም ታሪክስ በተኩስ ሥር ድልድይ የሠራ፣ ለእርስዎ አንደኛው ማን ነው?

አጎቴ፦ ኤብሌ። ጄኔራል ዣን ባፕቲስት ኤብሌ፣ የናፖሊዮን ሰው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1812 ናፖሊዮን ከሞስኮ ሲሸሽ ቤሬዚና የሚባል ወንዝ ላይ ደረሰ። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ተከፍቷል፤ ድልድዩን ሩሲያውያን አጥፍተውታል። ከዚያ ቀደም ብሎ ናፖሊዮን የድልድይ ዕቃውን አቃጥሉት፣ ፈረሶቹ ለመድፍ ይሁኑ ብሎ አዝዞ ነበር። ኤብሌ ግን መሣሪያ የጫኑ ጥቂት ጋሪዎች፣ ከሰልና የብረት ማቅለጫውን ሸሽጎ አተረፈ። ያ ሁሉ ጦር የዳነው በከሰልና በመዶሻ ነው።

እኔ፦ እንጨቱን ከየት አመጡት?

አጎቴ፦ ስቱዲያንካ የምትባል መንደር ነበረች። የመንደሩን ቤት አፍርሰው ነው ግንድ ያገኙት። 400 ገደማ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የሆላንድ ሰዎች፣ በረዶ በሚንሳፈፍበት ውኃ ውስጥ እስከ ደረታቸው ገቡ። ሁለት ድልድይ ሠሩ። ድልድዩ ተሰበረ፤ በሌሊት ተመልሰው ገቡ። ደግሞ ተሰበረ፤ ደግሞ ገቡ። በኋላ የሩሲያ መድፍ ሕዝቡ ላይ ወረደ። እነዚያ ሰዎች ውኃ ውስጥ ሆነው የሚያቆሙት የእንጨት እግር ነው፤ መተኮስ ቀርቶ መዞርም አይችሉም። ከእነሱ የተረፈው ጥቂት ነው። ኤብሌም ከወር በኋላ ሞተ።

እትዬ፦ የተሻገረው ዳነ፣ ያሻገረው ሞተ።

አጎቴ፦ እንደዚያ ነው። ሌላ ደግሞ ልንገርሽ። ጦሩ ካለፈ በኋላ ጠላት እንዳይከተል ድልድዩን እንዲያቃጥል ታዘዘ። ከኋላ የቀረ ብዙ ሺህ ሕዝብ ነበር፤ ቁስለኛ፣ ሴት፣ ሕፃን። ኤብሌ ሰው ይሻገር ብሎ ከታዘዘበት ሰዓት አዘገየው። በመጨረሻ ግን አቃጠለው።

እትዬ፦ በራሱ እጅ የሠራውን?

አጎቴ፦ በራሱ እጅ። ቅድም ልጅቷ የጠየቀችኝ መልሱ ይኸው። ድልድይ የሚሠራውም የሚሰብረውም መሐንዲስ ነው። ለዚህ ነው ሙያው ሸክም የሚሆነው። እኛ አገርም ይህን እናውቀዋለን። በጎጃምና በጎንደር መካከል፣ በሞጣ በኩል፣ ከአፄ ፋሲል ዘመን የቆየው የአባይ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ተሰበረ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ለጊዜው ትክክል ነበር፤ አርበኞቹን አልወቅሳቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ስድሳ ዓመት ያህል ሰው በገመድ እየተጎተተ ነው የተሻገረው። ወዲህ ማዶ ያሉት ገመዱን ይይዛሉ፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ይስባሉ፣ መንገደኛው በመካከል ከአባይ በላይ ይንጠለጠላል። ነፍሰ ጡር፣ በሽተኛ፣ ገበያተኛ። በ1994 ዓ.ም. በብረት ተጠገነ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ከዚያ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። መስበሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እኔ፦ በቅርቡም አይተናል። በሰኔ 2013 መጨረሻ ወደ ሽሬ የሚወስደው የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ እርዳታ የጫኑ መኪናዎች መንገድ አጡ።

እትዬ፦ ስለዚያ ጊዜ ተይኝ፣ የኔ ልጅ። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ደርሶ እኛም አይተናል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠፋው ጨው ነው፣ ከዚያ መድኃኒት። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ የባቲ የሰኞ ገበያ፣ ሁሉም የሚኖረው መንገድ ሲኖር ነው። እኔ ስለ ጀግና ብዙ አላውቅም። መንገድ የከፈተልኝን ግን አልረሳም።

(አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።)

እኔ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ለምንድን ነው እነዚህን ሰዎች የማናውቃቸው? ጀግና የማክበር ችግር የለብንም።

አጎቴ፦ እነሱን የምናከብርበት ቋንቋ ነው የሚያጥረን። ፉከራችንን አስቢው። ዘራፍ ሲባል ምን ይቆጠራል? የገደለው። በአማርኛው ፉከራ፣ በኦሮምኛው ጌረርሳ፣ ስንት እንደ ጣለ፣ ምን እንደ ማረከ ነው ሰው የሚያነሣው። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ አባቶቻችን በዚያ አገር አቆይተዋል። መሐንዲሱ ግን ምን ብሎ ይፎክር? የገደለው የለም። ያሻገረው ነው ያለው። የተሻገረው ደግሞ ወደፊት ስለሚሄድ ዞር ብሎ ማን እንዳሻገረው አያይም።

እትዬ፦ ዘራፍ አሻጋሪው! ማን ይላል?

አጎቴ፦ ማንም አይልም። መባል ግን ነበረበት። በዚሁ በወሎ የሆነውን ተመልከቺ። አፄ ቴዎድሮስን ሁሉም የሚያነሣው በመቅደላ አሟሟታቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ስድስት ወር ያህል ነው የማደንቀው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸው 7 ቶን ገደማ ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። ዙሪያውን አገሩ ሸፍቶባቸዋል፤ በሰሜን የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል። ከጠመንጃቸው ይልቅ ያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው ድንጋይ ነው ለእኔ የሚታየኝ። መድፉ በመጨረሻ አልጠቀማቸውም። መንገዱን የሠራው ልብ ግን የጀግና ልብ ነው።

እኔ፦ የገበሬውስ?

አጎቴ፦ ገበሬውማ ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። በገጠሩ ክረምት ሲገባ በደቦ ግንድ ቆርጦ ጅረት ላይ ሲያጋድም አላየሽም? ውኃው ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሰው ነው፤ ሌላው ከዳር ሆኖ ገመድ ይይዛል። መንደሩ ማን እንደሚገባ ያውቃል። ሳይጠሩት ልብሱን ያወልቃል። የጦር መሐንዲስ ማለት ያ ሰው ነው፤ ከማዶ ተኩስ ጨምሪበት።

እኔ፦ እርስዎ ተኩስ ቢኖር ይገቡ ነበር?

አጎቴ፦ (ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡ።) አላውቅም። ይህን ያላየ ሰው አውቃለሁ ቢልሽ አትመኚው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። የፍሬሙ ዘንግ እጄ ላይ ከነበረ አልለቅም ነበር። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። አምስት ሰው አብሮኝ ይዞ ስለነበር ነው። የሠሩትም የሚሉኝ ይህንኑ ነው። ፈርተናል ይላሉ፤ ሁሉም። ግን ወገን ይዞ ነበር ይላሉ።

እኔ፦ ስማቸውን ልጻፍ?

አጎቴ፦ አትጻፊ። ቤተሰባቸውን ሳልጠይቅ አይሆንም። ከእነሱ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው በሕይወት ያሉት። ጻፊ ካልሽኝ ግን ሌላ ነገር ጻፊ። እያንዳንዱ ቤት ያለውን ሰው ይጠይቅ ብለሽ ጻፊ።

(በረካው ተጠጣ። እትዬ ዱዓ አደረጉ፤ መንገደኛውን ሁሉ በሰላም ያስገባው አሉ። ቦርከናን ተሻግሬ ወደ ማረፊያዬ ስሄድ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩበት አላውቅም፤ ቆሜበት ግን አላውቅም ነበር።)

እንግዲህ የአጎቴን አደራ ለአንባቢ አደርሳለሁ። አባታችሁ፣ አያታችሁ፣ ጎረቤታችሁ በጦር ሠራዊታችን የምህንድስና ክፍል ያገለገለ፣ ድልድይ የዘረጋ፣ ፈንጂ ያመከነ ከሆነ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁት። የትኛው ወንዝ ነበር? ስንት ሰው ነበራችሁ? በምን ዕቃ ሠራችሁት? ማን እዚያ ቀረ? የሚነግራችሁን እንደ ነገራችሁ ጽፋችሁ፣ ቀኑንና የቦታውን ስም ጨምራችሁ አስቀምጡት።